አቧራ ውስጥ የጠፋችው ኳስ

አንድ ሹም ነበረ። ጉቦ የማይቀበል፣ ደሃ የማያጉላላ፣ ሰው ሲናገር ከአፉ የማይነጥቅ ደግ ሹም ነበረ፤ ልቡ ግን አንድ ቦታ አይረጋለትም ነበር።

የኔታ ልሳነ ወርቅ ነገሩን እንዲህ ብለው የጀመሩት ለትርንጎ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። ትርንጎ የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆና ከተሾመች ገና ዓመት አልሞላትም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች በግቢው መግቢያ በር ተጣልተው ከፊቷ ቀርበዋል። ታላቂቱ ስትናገር ታላቂቱ እውነት አላት፤ ታናሺቱ ስትናገር ታናሺቱ እውነት አላት። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደረበ ወራት አለፉ። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር አረፍ ብለው ስታያቸው ጠጋ አለችና፣ «የኔታ፣ ውሃ ሲጠራ ተሻገር ይባል የለ? ለእኔ ይህ ነገር አልጠራልኝም። እስኪጠራልኝ ባቆየው ምን ክፋት አለው?» አለቻቸው። የኔታም መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሹሙን ነገር አነሡላት። እንዲህም ሲሉ ቀጠሉ።

ያ ሹም የሚኖርባት ከተማ አቀበት ላይ የተሠራች ናት። ላይኛው ወገኗ የላይ ሰፈር፣ ታችኛው ወገኗ የታች ሰፈር ይባላል። መሀሏን አንድ የጠጠር መንገድ ያቋርጣታል፤ እህልና አሸዋ የጫነ አይሱዙ ሲመላለስበት ይውላል። ከተማይቱ ገበያም ትምህርት ቤትም ነበራት፤ የኳስ ሜዳ ግን አልነበራትም። ስለዚህ ኳስ የወደደ ሁሉ፣ ተማሪውም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ከሥራ የሚመለሰው ግንበኛም፣ የሚጫወተው እዚያው መንገድ ላይ ነበር።

የከተማው ምክር ቤት ይህን አይቶ መከረ። ባዶ መሬት የሚገኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንደኛው ከላይ ሰፈር በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ፤ ሁለተኛው ከታች ሰፈር በታች፣ ወንዙ ዳር። ከተማይቱ አቅሟ የሚችለው አንዱን መደልደልና ለአንዱ የጎል ብረት መትከል ነው። ሁለቱን አይችልም። ሹሙን ጠሩትና፣ «ቦታዎቹን ተመልከት፣ ሕዝቡን ጠይቅ፣ የሚሻለውን ቁረጥልን። አንተ የቆረጥከውን እናጸድቃለን» አሉት።

ሹሙ በሹመቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ለወጣት ሜዳ መስጠት ማን ይጠላዋል? ምስጋናው ከወዲሁ ጆሮው ውስጥ ተሰማው።

መጀመሪያ የላይ ሰፈር ሽማግሌዎች ወደ ቢሮው መጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ የወንዙ ዳር መሬት ክረምት ሲገባ ውሃ እንደሚተኛበት፣ ከብት እንኳ ሰኮናው እንደሚሰምጥበት፣ ከውሃው የሚነሣው ትንኝ ሕፃናቱን እንደሚያሳምም በእርጋታ አስረዱት። ሹሙ ሰማቸው። እውነት ነው አለ በልቡ፤ እንዴት አድርገው ነው ኩሬ ላይ ኳስ የሚጫወቱት? «እናየዋለን» ብሎ በክብር ሸኛቸው።

ከሰዓት በኋላ የታች ሰፈር ሰዎች መጡ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ነፋስ አለ፤ ኳስ አይደለም ቆርቆሮ ይገነጥላል። መሬቱ ቋጥኝ ነው፤ የወደቀ ልጅ ቆዳው እዚያው ይቀራል። ደግሞ ከታች ሰፈር ተነሥቶ ያን ዳገት የወጣ ሰው ሜዳው ጋ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል፣ ከዚያ በኋላ ምን ሊጫወት ነው? ሹሙ ይህንንም ሰማ። ይህም እውነት ነው አለ። «እናየዋለን» ብሎ ሸኛቸው።

በማግስቱ የላይኛው መሬት ላይ በርበሬ የሚያሰጡ ሴቶች መጡ። እነሱ ሜዳ ይሠራ አይሠራ የሚሉት የላቸውም፤ በርበሬያችንን የት እናስጣ ነው የሚሉት። ከእነሱ በኋላ የስፖርት አስተማሪው መጣ፤ እሱ ደግሞ በሜዳው ዙሪያ የሩጫ መም ይሁን፣ ለሴቶቹም የመረብ ኳስ ቦታ ይከለል አለ። ከእሱ በኋላ የእድር ዳኛው መጡና፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የምንተክለው የወንዙ ዳር ላይ ነው፤ ኀዘንተኛውን ወዴት ልትሰዱት ነው ብለው ጠየቁ። ሹሙ ማንንም ሐሰተኛ ሊል አልቻለም። አንዱ ተናግሮ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ቁርጥ ብሎ ይታየዋል፤ ሌላው ገብቶ ሲናገር ያው የታየው ይጠፋበታል።

ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞላ። የላይ ሰፈሩም «ለወጣቶቻችን ስንል» ይላል፤ የታች ሰፈሩም «ለወጣቶቻችን ስንል» ይላል። ሹሙ ወጣት ፍለጋ ዓይኑን ቢያዞር አንድም አላገኘም፤ ሁሉም መንገድ ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ስብሰባው ሌላ ስብሰባ እንዲጠራ ወስኖ ተበተነ።

ቀያሽ አስመጣ። ቀያሹ ሁለቱንም ለክቶ፣ ሁለቱም ይበቃሉ ብሎት ሄደ። ሹሙ ይህን ሲሰማ አንዱ ጠባብ በሆነ ኖሮ ብሎ አዘነ። ምክር ቤቱ በጠየቀው ቁጥር «ጥናት ላይ ነን» ይላል። ማታ ሲተኛ የላይኛው ይሻላል ብሎ ይተኛል፤ ጠዋት ሲነሣ የታችኛው ነው ብሎ ይነሣል። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው፣ «ደክሞኝ ነው» ይላታል። ደግሞም ደክሞታል። ሁለት ሰው ሆኖ ከራሱ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው እንዴት አይደክመው?

አንድ ቀን፣ ቦታዎቹን ብቻዬን ልያቸው ብሎ በእግሩ ወጣ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲቆም ነፋሱ ኮፍያውን ሊወስድበት ታገለው። ቁልቁል ሲያይ የወንዙ ዳር መሬት አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ፣ ለሜዳ የተፈጠረ መሰለው። «ይኸው፣ ተገኘ» አለና ቁልቁለቱን ተያያዘው። ወንዙ ዳር ሲደርስ ጫማው ረግረጉ ውስጥ ስምጥ አለ። ቀና ብሎ ኮረብታውን ቢያይ ደረቅ፣ ሰፊ፣ ፀሐይ የሞላበት ሆኖ ታየው። የቆመበት መሬት ጉድለቱን ያሳየዋል፤ ያልቆመበት ደግነቱን። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ፣ እውነት እኔ ጤነኛ ነኝ? ብሎ ራሱን ጠየቀ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ በወጣቶች ተሞልቶ አገኘው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሊጋጠሙ ነው። ለጎል ድንጋይ አቁመዋል። መንገዱ በሁለቱም በኩል ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ መኪና ሲመጣ «መጣ» ብሎ የሚጮኽ አንዳንድ ሰው በየጠመዝማዛው ላይ አስቀምጠዋል። የጎደለው ዳኛ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያጫውታቸው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ከመሀላቸው አንዱ እንዳይዳኝ ሁሉም ወይ የላይ ነው ወይ የታች።

የታች ሰፈር አምበል ሹሙን ሲያየው ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሌላ አገር ሰው ነዎት፤ ከሁለታችንም ወገን አይደሉም። ያጫውቱን» አለው።

«ኧረ እኔ ሕጉንም አላውቀው።»

«ኳስ በድንጋዮቹ መሀል ካለፈች ጎል ነው። እጅ ከነካት ቅጣት ነው። ሌላውን እኛ እንጨርሳለን።»

የላይ ሰፈሮቹም ተስማሙ። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ሹሙ ነፋው፤ ጨዋታው ተጀመረ፤ የሚገርመው ደግሞ ወደደው። ማንም ሊያስረዳው አይመጣም። ማንም ጋቢውን አስተካክሎ አይቀመጥም። ኳሷ ትሄዳለች፣ እሱም ይከተላታል። ለጥቂት ጊዜ ኮረብታውንም ወንዙንም ረሳቸው።

ጠባቂው «መጣ» አለ። ሁሉም ወደ ዳር ሆኑ፤ አሸዋ የጫነ አይሱዙ አለፈ፤ ከኋላው የተነሣው አቧራ መንገዱን ሸፈነው። አቧራው እስኪሰክን የጠበቀ አልነበረም። የታች ሰፈር አምበል ኳሷን ይዞ ገባ፣ መታት፤ ኳሷ ወደ ላይ ሰፈር ጎል በረረችና በአንደኛው ድንጋይ በኩል፣ ከውስጥ ይሁን ከውጭ፣ አቧራው ውስጥ ጠፋች።

«ጎል!» አለ ግማሹ።

«አልገባችም» አለ ግማሹ።

ሁሉም ወደ ሹሙ ዞሩ። ሹሙ አላየም። አቧራ ነው ያየው። ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋና መልሶ አወረደው። ከዚያም ቢሮው ውስጥ የለመደውን አደረገ፤ «እስቲ ቀስ በሉ። ሁላችሁም በየተራ አስረዱኝ» አለ።

አምበሉ አስረዳ። ከድንጋዩ በውስጥ በኩል፣ በዚህ፣ እናቴ ትሙት አለ። የላይ ሰፈሩ በረኛ አስረዳ። ከድንጋዩ በውጭ በኩል፣ በዚያ፣ እናቴ ትሙት አለ። ሹሙ አምበሉን ሲሰማ ገብታለች አለ በልቡ፤ በረኛውን ሲሰማ አልገባችም አለ። «ሌላ ያየ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም አይቷል። በየተራ መናገሩ ቀረና ባንድነት ተናገሩ። አንዱ የአንዱን ደረት ገፋ። ጠባቂዎቹ ከየጠመዝማዛው ጩኸቱን ሰምተው፣ ሰፈራቸው እንዳይበደል ሮጠው መጡና ክርክሩ ውስጥ ገቡ።

«ጋሼ፣ ይፍረዱ» አለው አንዱ።

«ቆይ፣ እስኪጠራልኝ» አለ ሹሙ።

በረኛው ሰው እንዳላመነው ሲያይ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ አጎነበሰና፣ «ይኸው፣ በዚህ ነው ያለፈችው» ብሎ በእጁ ያሳይ ጀመር። ሁለተኛው አይሱዙ በጠመዝማዛው ብቅ ያለው ያን ጊዜ ነው። «መጣ» የሚል አልነበረም። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ መኪናው ወደ ጎን ዞሮ በረኛውን እግሩ ላይ መታው።

እግሩ ተሰበረ። ከሻይ ቤት አግዳሚ አምጥተው አስተኙትና ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ከፊት የያዙት የታች ሰፈሮች ናቸው፣ ከኋላ የያዙት የላይ ሰፈሮች። ሹሙ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከጎናቸው ይሮጥ ነበር። ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ ገና አልገባውም። አንድ ነገር አደረግሁ እንዳይል ምንም አላደረገም።

የልጁ እናት ነጠላዋ እየተጎተተ ደረሰች። «ማነው የመታው?» አለች።

«መኪና ነው» አሏት።

«መንገድ መሀል ያቆምኩት እኔ ነኝ» አለ ሹሙ። ሴትዮዋ አየችው፤ የሚለው አልገባትም፤ አልፋው ገባች።

ሐኪሙ እግሩን አስሮ፣ ማስታገሻ ሰጥቶት ከወጣ በኋላ ሹሙ ወደ አልጋው ተጠጋ። ይቅርታ ሊል ነበር የገባው። በረኛው ቀደመው።

«ጋሼ፣ ግን ገብታ ነበር?» አለው።

«አላየሁም። አቧራ ነበር።»

«እኔም አላየሁም» አለ በረኛው።

ሹሙ ደነገጠ። «በእናትህ ምለህ አልነበረም እንዴ?»

«በረኛ ነኛ። ምን ልበል? እሱም አላየም፤ እሱ ደግሞ መቺ ነው።» ሕመሙ መጣበትና ጥርሱን ነከሰ፤ ሲለቀው ቀጠለ። «ገባች ቢሉን እኔ እናደድ ነበር። አልገባችም ቢሉን እነሱ ይናደዱ ነበር። በሁለቱም ግን እንጫወት ነበር፤ ጠባቂዎቹም ቦታቸው ይመለሱ ነበር። ሊመሽ ስለሆነ አንድ ጎል ብናገባ ብለን ነው አቧራው እስኪሰክን ያልጠበቅነው።»

ሹሙ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ። ከጤና ጣቢያው ወጥቶ ሲሄድ ራሱን ጠየቀ፤ አሁንስ ነገሩ ጠራልኝ? አልጠራም። ኮረብታው ያው ኮረብታ ነው፣ ረግረጉ ያው ረግረግ ነው። የተለየ ነገር ቢኖር፣ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ማንም አይጎዳብኝ ብሎ ያቆየው ነገር ሰው እየጎዳ መቆየቱን ማየቱ ነው። መንገዱ ላይ የሚጫወቱት እሱ ስላልወሰነ ነበር።

ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ጊዜ ሹሙ ተነሥቶ ቆመ።

«የታችኛው ይሁን» አለ። «እርግጠኛ ነኝ አልልም። የላይ ሰፈር ሰዎች ውሃ ይተኛበታል ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ጫማዬ ያውቀዋል። ነገር ግን ውሃን በቦይ ማውጣት ይቻላል፤ ነፋስን የሚያስወጣ ቦይ አላውቅም። በርበሬ የሚያሰጡትም ቦታቸው ይቀርላቸዋል። ለለቅሶ ድንኳን ከሜዳው ዳር እንከልል። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ተበደልኩ የሚል ሰው ለምክር ቤቱ ቅሬታውን ያቅርብ፤ እኔም ቀርቤ ሁለቱም ወገን የነገረኝን ሳልቀንስ እናገራለሁ።»

የላይ ሰፈር ሰዎች ቅሬታ አቀረቡ። ሹሙም ቃሉን ጠብቆ ለእነሱ የሚጠቅመውን ሁሉ ተናገረላቸው። ምክር ቤቱ ሰምቶ፣ ተከራክሮ፣ የታችኛውን አጸደቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ሹሙን ሲያዩ ሰላምታ ነፈጉት። ምስጋና ይጠብቅ የነበረው ሰው ያን ያህል አልከፋውም፤ ለምን እንዳልከፋው ለራሱም ግራ ገባው።

ሜዳው ተደለደለ። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ እንደተባለው ውሃ ተኛበት፤ አንዱ የጎል ብረት ዘመመ። የላይ ሰፈር ሽማግሌዎች ወርደው አዩና፣ «አላልንህም?» አሉት። «ብላችሁኛል፤ ልክ ነበራችሁ» አላቸው። ውሃው ሲጎድል ቦይ ተቆፈረ፤ የታች ሰፈር ልጆች ቆፈሩ፣ ከላይ ሰፈርም ኳስ ያማራቸው አካፋ ይዘው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ የመኪና ብቻ ሆነ።

በረኛው እግሩ ቢድንም ማነከሱ አልቀረም፤ ወደ ጎል አልተመለሰም። ጨዋታ ባለ ቀን ከሜዳው ዳር ሣሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሹሙም አንዳንዴ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። ስለዚያች ኳስ ዳግመኛ አላወሩም። ሹሙ ግን ነፋስ በሌለበት ቀን ቀና ብሎ ኮረብታውን ያያል፤ የላይኛው ይሻል ነበር ይሆን? ይላል በልቡ። እስኪሞት ድረስ አላወቀውም።

የኔታ ልሳነ ወርቅ ይህን ጨርሰው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሹም አንቺ ነሽ። ሁለቱ እህትማማቾች ደግሞ አምበሉና በረኛው ናቸው። እያንዳንዷ በሩ የእኔ ነው ብላ ትምልልሻለች፤ ምናልባት ሁለቱም አያውቁ ይሆናል። የሚያውቁት እናታቸው ነበሩ፤ እሳቸው አፈር ሆነዋል። ሳትጠይቂ ፍረጂ አላልኩሽም። ጠይቀሻል፣ ምስክር ሰምተሻል፣ ግቢውን ረግጠሽ አይተሻል። ከዚህ በኋላ የቀረው አቧራ ነው። አንቺ እስኪሰክን ስትጠብቂ እነሱን ቤታቸው የተቀመጡ አድርገሽ ታስቢያቸዋለሽ። የታናሺቱ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ታላቂቱ በዚያው ግቢ ሆና በሯን ዘግታ መዋሏን አልሰማሽም? ፍርድ የሚጠብቅ ሰው መንገድ መሀል የቆመ ሰው ነው።»

«ብሳሳትስ የኔታ?» አለች ትርንጎ።

«ትሳሳቺ ይሆናል። አቧራ ነበር ብለሽ ለሁለቱም ንገሪያቸው፤ ከዚያ በኋላ ፍረጂ። ለተሳሳተ ፍርድ ይግባኝ አለ፤ የተበደለችው ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ላልተሰጠ ፍርድ ግን ልጄ፣ ወዴት ተሂዶ ይግባኝ ይባላል?»